ለሕፃን የሚነገር ሐሰት፤ ልጆችን እያታለሉ ማሳደግ ይገባልን?

ሐሰት መናገር ክፉ እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው የለም። በፍርድ ፊት በሐሰት የመሰከረ ይዋረዳል፤ በገበያ ሚዛን ያጓደለ ነጋዴ ደንበኛውን ያጣል፤ ቃሉን ያፈረሰ ወዳጅም ወዳጅ መባሉ ይቀርበታል። ዳሩ ግን ሐሰት በየቀኑ የሚነገርበትና የሚነቅፈው የማይገኝበት አንድ ስፍራ አለ። ይህም ስፍራ ቤታችን ነው፤ ሐሰቱም የሚነገረው ለትንንሽ ልጆች ነው። በአደባባይ እውነተኛ ተብሎ የሚመሰገን አባት፥ በጎረቤት ዘንድ ቃሏ የታመነ እናት፥ ለአራት ዓመት ልጃቸው ሲናገሩ እውነትን እንደ ትርፍ ነገር ይተዉታል።

ስለዚህ ነገር፥ ልጆች ለሚያሳድጉ ወላጆችና ነገ ወላጆች ለሚሆኑ ተማሪዎች ጥቂት ቃል ልንጽፍ ወደድን። ጥያቄውም ይህ ነው። ነገሩን መመርመር ለማይችል ሕፃን ለጥቅሙ ተብሎ የሚነገር ሐሰት፥ ሐሰት ነውን ወይስ አይደለም?

ነገሩ እንዲገለጥ በቤታችን የሚነገረውን እንቍጠር። ልጅ እንቢ ብሎ ሲያለቅስ «ዝም በል፥ ጅብ መጣልህ» ይባላል። ጅብ በማይደርስበት ፎቅ ቤት የሚኖር ከተሜም እንኳ ጅቡን ወይም ጭራቁን ይጠራል። «ፖሊስ ይወስድሃል»፥ «ሐኪሙ በመርፌ ይወጋሃል» ይባላል፤ በመንገድም ላይ «በል እንግዲያው እኛ ጥለንህ ሄድን» ይባላል። ይህ የማስፈራሪያ ሐሰት ነው። ሁለተኛው የማባበያ ሐሰት ነው፤ «ዝም ካልህ ነገ ከረሜላ እገዛልሃለሁ» ይሉታል፥ ነገ ሲመጣ ግን ከረሜላው የለም። ሦስተኛው የመሸሻ ሐሰት ነው፤ እናት ወደ ሥራ ስትሄድ ልጁ እንዳያለቅስ «አሁን መጣሁ» ትለዋለች፥ ወይም ሲጫወት ጠብቃ በጓሮ በኩል ትሰወራለች። አራተኛውም የመሸሸጊያ ሐሰት ነው፤ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ስለ ሆነ ኋላ ለብቻው እንነጋገርበታለን።

ይህ ልማድ የአገራችን ብቻ አይደለም። በ2013 (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በታተመ አንድ ጥናት፥ ልጆቻቸው እንዲታዘዙ ሐሰት እንደሚነግሯቸው ያመኑት ወላጆች በአሜሪካ ከመቶ 84፥ በቻይና ከመቶ 98 ሆነው ተገኙ። በሁለቱም አገር አብዝቶ የተገኘው ሐሰት፥ ልጁ ካልታዘዘ ጥለውት እንደሚሄዱ ማስፈራራት ነበር። እንግዲህ የሁሉ አገር ወላጅ የሚያደርገው ነገር ከሆነ፥ ነቀፌታ ከማብዛት ይልቅ ምክንያቱን መመርመር ይሻላል።

ስለ ሐሰት ጥንታውያን ፈላስፎችና መምህራን ብዙ ተከራክረዋል። ፕላቶ የሚሉት አፍላጦን ሐሰትን በመድኃኒት መሰለው፤ መድኃኒት በሐኪም እጅ ብቻ እንዲሆን ይገባል፥ እንዲሁም ሐሰት ለአገር ጥቅም ሲባል ለገዦች ብቻ ይፈቀዳል አለ። አውግስጢኖስ ግን በ395 ገደማ፥ ኋላም በ420 ገደማ ስለ ሐሰት ሁለት መጻሕፍት ጽፎ፥ የአንዱ ሐሰት ክፋት ከሌላው ቢበልጥም የተፈቀደ ሐሰት ግን እንደሌለ አስተማረ። ጀርመናዊው ካንትም በ1797 ባወጣው ጽሑፍ፥ ወዳጅን ከነፍሰ ገዳይ ለማዳን እንኳ ሐሰት መናገር አይገባም እስከ ማለት ደረሰ።

በእነዚህ መካከል ለወላጅ የሚመቸው የአፍላጦን ነገር ይመስላል። ሐኪም ከበሽተኛው ይልቅ እንደሚያውቅ ወላጅም ከሕፃኑ ይልቅ ያውቃልና። ልጁ እሳት እንደሚፈጅ፥ ውኃ እንደሚያሰጥም፥ መኪና እንደሚገድል አያውቅም። ምክንያቱን ቢነግሩትም አያስተውል ይሆናል። እንግዲህ ለደኅንነቱ ሲባል ጅብ ቢጠራለት ምን ክፋት አለው? ይህ ክርክር ኃይል ያለው ነው፤ ስለዚህ በችኰላ ልንንቀው አይገባም።

ነገር ግን አስተዋይ አንባቢ ይህን ይመልከት። ትልቅ ሰው ሲታለል የሚያመሳክርባቸው ብዙ ምስክሮች አሉት። ነጋዴ ቢያታልለው ሌላ ነጋዴ ይጠይቃል፤ ወሬ ቢነግሩት ጎረቤት ይጠይቃል፤ የቀድሞ ልምዱንም ያማክራል። ሕፃን ግን ምስክሩ አንድ ነው፤ እርሱም የወላጁ ቃል ነው። እሳት እንደሚፈጅ የነገረችው እናቱ ናት፤ ጅብ በደጅ ቆሟል ያለችውም እርሷው ናት። ሁለቱንም በአንድ ድምፅ፥ በአንድ ፊት ነገረችው። የትኛው እውነት፥ የትኛው ማስፈራሪያ እንደ ሆነ የሚለይበት ሚዛን የለውም፤ ሚዛኑ እርሷ ራሷ ናትና። ሚዛኑን የሚያጓድል ነጋዴ አንድ ዕቃ ብቻ አይደለም የሚሰርቀው፤ በዚያ ሚዛን የሚለካውን ሁሉ ያጠፋል።

ከዚህም ሁለት ጕዳት ይወጣል። ጠባዩ ፈሪ የሆነ ልጅ ሁሉን ያምናል፥ ሁሉንም ይፈራል፤ ጨለማውንም፥ ፖሊሱንም፥ ሐኪሙንም፥ ጥለውት መሄዳቸውንም ይፈራል። ጠባዩ ደፋር የሆነው ደግሞ አንድ ቀን በሩን ከፍቶ ያያል፤ ጅብም የለም። ያን ጊዜ የሚማረው ጅብ እንደሌለ ብቻ አይደለም፤ የእናቱ ቃል ባዶ እንደ ሆነም ይማራል። በማግሥቱ «መኪና መጣ፥ ቁም!» ስትለው፥ እርሱ ይህንም እንደ ጅቡ ይቈጥረዋል። ለደኅንነቱ የተነገረው ሐሰት ደኅንነቱን የሚጠብቅለትን ቃል አደከመው። አፍላጦን መድኃኒት ያለው ነገር የሌላውን መድኃኒት ሁሉ ኃይል የሚያጠፋ ከሆነ፥ መድኃኒት ሊባል አይገባውም።

ይህ እንዲያው የሚነገር ግምት እንዳይመስል አንድ ጥናት እናመጣለን። በኒው ዮርክ ግዛት በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሊቃውንት በ2013 ያሳተሙት ነው። ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸውን 28 ልጆች በሁለት ከፈሉ። ለሁሉም የተሻለ የቀለም እርሳስና የተሻለ ተለጣፊ ሥዕል እንደሚያመጡላቸው ተስፋ ሰጡ። ለ14ቱ ቃላቸውን ጠብቀው አመጡላቸው፤ ለ14ቱ ግን ባዶ እጃቸውን ተመልሰው «ይቅርታ፥ የለንም» አሏቸው። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ልጅ ፊት አንድ ጣፋጭ አኖሩና፥ እስኪመለሱ ሳይበላ ቢቈይ ሁለተኛ እንደሚጨመርለት ነገሩት። የመቈያውም ጊዜ 15 ደቂቃ ነበር። ቃል የተጠበቀላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ ቃል የፈረሰባቸው 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ታገሡ። ከፊተኞቹ 14 ልጆች 9ኙ እስከ መጨረሻው ቈዩ፤ ከኋለኞቹ 14 ግን የቈየው አንድ ብቻ ነው።

ወላጆች ሆይ፥ ይህን ነገር ልብ በሉ። «ልጄ ትዕግሥት የለውም፥ ያየውን ሁሉ አሁን ካልሰጣችሁኝ ይላል» ብሎ የሚያማርር ወላጅ ብዙ ነው። ዳሩ ግን የተባለው ነገር በማይመጣበት ቤት ያለውን አሁን መያዝ ለልጁ ስንፍና አይደለም፤ ማስተዋል ነው። ትዕግሥት በተጠበቀ ቃል ላይ ይበቅላል። ቃል በማይጠበቅበት ስፍራ ትዕግሥትን መጠየቅ ሳይዘሩ ማጨድን መሻት ነው።

በካሊፎርኒያ በሳን ዲዬጎ የተደረገ ሌላ ጥናት በ2014 ታትሟል። አንድ መርማሪ ልጆቹን በሌላ ክፍል ብዙ ከረሜላ አለ ብሎ ጠራቸው፤ ኋላም ከረሜላ እንደሌለና እንዲመጡ ብሎ ያንን እንደ ተናገረ ነገራቸው። ሌሎቹን ልጆች ግን አላታለላቸውም። ከዚያ «ይህን መጫወቻ ዞራችሁ አትዩ» ብሎ ትቷቸው ወጣ። ከ5 እስከ 7 ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል፥ ካልተታለሉት ከመቶ 60 ያህሉ ዞረው አዩ፤ ከተታለሉት ግን ከመቶ 80 የሚጠጉት አዩ። አይተውም «አላየንም» ብለው የዋሹት ከተታለሉት ዘንድ በዙ። ከዚያ በታች በሆኑት ሕፃናት ግን ይህ ልዩነት አልታየም። ሕፃኑ ሐሰትን ወዲያው ባይማር፥ ለትምህርት ቤት ሲደርስ ግን የታለለበትን ዐውቆ በዚያው ይመልሳል ማለት ነው። በሰንበት ስለ አሥርቱ ትእዛዛት እያስተማርን በሳምንቱ ቀን ሁሉ በሥራችን ሌላ ብናስተምረው፥ የትኛውን ትምህርት እንደሚይዝ ግልጥ ነው።

ፍርሃትም ባኖሩት ስፍራ አይቀመጥም። በ1920 በባልቲሞር ሁለት መርማሪዎች 11 ወር ለሆነው አንድ ሕፃን ነጭ አይጥ እያሳዩ፥ በዚያው ጊዜ ከኋላው ብረት በመዶሻ እየመቱ አስደነገጡት። ሥራቸው ጭካኔ ነበር፤ ዛሬም በሊቃውንት ዘንድ ይነቀፋል። ሕፃኑም ከዚያ በኋላ አይጡን ብቻ አልፈራም፤ ጥንቸሉንም፥ ውሻውንም፥ የጠጕር ካባውንም ፈራ። በአገራችን ልጅ ከተወለደ ጀምሮ፥ በ6፥ በ10ና በ14 ሳምንት፥ በ9 ወሩም ለኩፍኝ ክትባት ለመውሰድ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ለሕይወቱ ነው። ዳሩ ግን ሐኪሙን የቤት ጅራፍ አድርገን «መርፌ አስወጋሃለሁ» እያልን ካሳደግነው፥ በታመመ ቀን ሊያድነው ከሚሻው ሰው ይሸሻል፤ የሚያምመውንም ይሸሽጋል።

አሁን የሚቃወሙንን ሰዎች ቃል እንስማ። አንዳንዶች «አባቶቻችን በጅብ እያስፈራሩ አሳደጉን፥ ምን ሆንን?» ይላሉ። ለዚህ መልሳችን ይህ ነው። በባላገር ጅብ በእውነት በሌሊት ከደጅ ይመጣል፤ በሐረር ከተማ ሰዎች በምሽት ከቅጥሩ ውጭ ለጅብ ሥጋ እንደሚያበሉ የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ «ሌሊት ጅብ ይወጣል፥ ስለዚህ በሩን እንዘጋለን፥ ብቻህንም አትወጣም» ማለት እውነተኛ ምክር ነው። በቀን ብርሃን፥ ልጁ ሽሮውን አልበላም ስላለ ጅብ መጥራት ግን ሌላ ነገር ነው። ያለውን አደጋ መንገር ልጅን ያስተምረዋል፤ የሌለውን አደጋ መጥራት ግን ያታልለዋል።

ሌሎችም «እንግዲያው ተረትስ ሐሰት ነውና ይቅር ትላላችሁን?» ይላሉ። አይደለም። ተረት የሚነግር ሰው አስቀድሞ «ተረት ተረት» ይላል፤ ልጆቹም «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። ሲጨርስም «ተረቴን መልሱ፥ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። እነሆ፥ ይህ በተናጋሪውና በሰሚው መካከል የቆመ ቃል ኪዳን ነው፤ በሩ በግልጥ ተከፍቶ በግልጥ ይዘጋል። ጦጣና አንበሳ ሲነጋገሩ የሚሰማ ልጅ አልተታለለም፤ ወደ ጨዋታ ተጋብዟል። ስለዚህ ተረትን አብዙ፤ በተረት ውስጥ ጅቡም ጭራቁም ይምጡ። ሐሰት የሚሆነው «ተረት ተረት» ሳይባል ጅቡ ከበሩ ቆሟል ሲባል ነው።

ደግሞ «ለሕፃን እውነቱን ሁሉ መንገር ይገባልን?» የሚል አለ። ይህም አይደለም። ዝም ማለት ሐሰት መናገር አይደለም። «ይህን ስታድግ እነግርሃለሁ» የሚል ቃል እውነተኛ ነው፤ ልጁም ይቀበለዋል። ከእውነቱ ለዕድሜው የሚበቃውን ቈርሶ መስጠት ይገባል፤ የሚሰጠው ቍራሽ ግን እንጀራ ይሁን እንጂ ድንጋይ አይሁን።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሥራ የበዛባት እናት፥ አንዱን በጀርባዋ አዝላ፥ ድስቱን በእሳት ላይ ጥዳ ሳለች ሌላው ቢያለቅስባት፥ ረጅም ምክር ለመምከር ጊዜ እንደሌላት እናውቃለን። ስለዚህ የምንለው አጭርና የሚቻል ነው።

አንደኛ፥ የማታደርጉትን አትናገሩ። ልጁ ወደ እሳት ቢሄድ ጅብ መጥራት አያስፈልግም፤ እጁን ይዞ ማራቅ ይበቃል። ውኃ ቢደፋ «ፖሊስ እጠራለሁ» ከማለት «ጨርቁን አምጣ፥ አብረን እንወልውለው» ማለት ይሻላል፤ ይህ ወዲያው ይፈጸማልና። ከሁሉ በላይ «ጥዬህ እሄዳለሁ» የሚለው ቃል ከቤታችን ይጥፋ። ለሕፃን ከዚህ የሚብስ ፍርሃት የለም።

ሁለተኛ፥ ተስፋችሁ ትንሽና ቅርብ ይሁን፥ ይፈጸምም። ነገ በትልቁ ከምትሰጡት ዛሬ በትንሹ የሰጣችሁት ይበልጣል። ገንዘብ ቢያጥር ወይም ሥራ ቢያግድ፥ ነገሩን ረስቶት ይሆናል ብላችሁ አትለፉት። «ብዬህ ነበር፥ አልሆነልኝም» በሉት። ከዚህ በኋላ ይቈጣ ይሆናል፤ ዳሩ ግን ቃል ክብደት እንዳለው ይማራል።

ሦስተኛ፥ ስትሄዱ ተሰናበቱ። በስውር የምትወጣ እናት አንድ ልቅሶ አስቀርታ ብዙ ስጋት ታመጣለች፤ ልጁ ከዚያ ወዲያ እንዳትጠፋበት ቀሚሷን አይለቅም። ሰዓት ለማያውቅ ልጅ መመለሻዋን በሚያውቀው ነገር ትንገረው፤ «ምሳ በልተህ፥ ተኝተህ ስትነሣ እመጣለሁ» ትበለው፥ እንዳለችውም ትምጣ። ያለቅሳል፤ ያልቅስ። ጥቂት ቀን ቃሏ ሲፈጸም ካየ፥ ልቅሶው እያጠረ ይሄዳል።

አራተኛ፥ ሕመሙን አትሸሽጉ። «መርፌው አያምምም» ብላችሁ ካመመው ሕመሙና መታለሉ ሁለት ይሆኑበታል። «ጥቂት ያምምሃል፥ ቶሎ ያልፋል፥ እኔም እይዝሃለሁ» ብትሉት ግን የተናገራችሁት ሦስቱም ነገር ይፈጸማል።

አምስተኛው ኋላ እንነጋገርበታለን ያልነው፥ የሞትና የመለየት ነገር ነው። በአገራችን መርዶ በጥንቃቄ ይነገራል። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፥ በማለዳ፥ ኀዘንተኛው ብቻውን ሳይሆን ይነግሩታል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ዳሩ ግን ለትልቁ ሰው ይህን ያህል ስንጠነቀቅ ለሕፃኑ ምንም አንነግረውም። ድንኳን ተተክሎ፥ ሁሉ ጥቍር ለብሶ፥ እናቱ ደረቷን ስትመታ እያየ «አባትህ ሩቅ አገር ሄዷል» ይባላል። ልጁም በየማታው በሩን ያያል። ወራት ሲያልፍ፥ አባቱ ሳይሰናበተው የተወው በጥፋቱ እንደ ሆነ ያስባል፤ ሰው መንገድ ሲሄድም እንደማይመለስ አድርጎ ይፈራል። ኋላ እውነቱን የሚሰማው ከጎረቤት ልጅ አፍ ነው። ያን ጊዜ አባቱን ብቻ አያጣም፤ በቀሩት ዘመዶቹ ላይ ያለውንም እምነት ያጣል።

ስለዚህ የሚወደው ሰው አቅፎ በቀላል ቃል ይንገረው። «አባትህ ሞተ። ሰውነቱ አይሠራም፥ አይተነፍስም፥ ከእንግዲህም አይመለስም። የሞተው አንተ ባደረግኸው ነገር አይደለም። እኛ ከአንተ ጋር ነን፥ እንጠብቅሃለን» ይበለው። «ተኝቷል» አይበለው፤ መተኛትን እንዲፈራ ያደርገዋልና። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሞት መመለሻ እንደሌለው ቶሎ አያስተውልም፤ ደጋግሞም ይጠይቃል፤ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ያው መልስ ይሰጠው። የትንሣኤ ተስፋ ያለው ቤተ ሰብም ተስፋውን ይንገረው፤ ነገር ግን ተስፋው ከሞቱ እውነት በኋላ ይነገር እንጂ በእውነቱ ፈንታ አይነገር።

በሕይወት ሳሉ የሚለዩም አሉ። ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ለአያት ትተው ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ፥ ወደ ኩዌትና ወደ ሊባኖስ ይሄዳሉ፤ ውላቸውም ብዙ ጊዜ የሁለት ዓመት ነው። «እማዬ የት አለች?» ለሚል ልጅ «ነገ ትመጣለች» ማለት ለዛሬ ማታ ብቻ የሚሆን ማባበያ ነው፤ ሰባት መቶ ነገ ያልፋልና። ይልቅስ አያቱ፥ «እናትህ ሩቅ አገር ትሠራለች፤ ለአንተ ብላ ነው የሄደች። ነገ አትመጣም። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ትመጣለች ብለን እንጠብቃለን» ትበለው። ድምፅዋን በስልክ ያሰሙት። ክረምቱንም አብረው ይቍጠሩ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ለሕፃን ለጥቅሙ ተብሎ የሚነገር ሐሰት ሐሰት ነውን? አዎን፥ ሐሰት ነው፤ ለትልቅ ሰው ከሚነገረውም ሐሰት ይከብዳል። ትልቁ ሰው ራሱን መጠበቅ ይችላልና፤ ሕፃኑ ግን ከእኛ ቃል በቀር ሌላ ጠባቂ የለውም። የሚናገረውም ሰው ለጊዜው ጸጥታ ቢያገኝ፥ የሚከፍለው ዋጋ የልጁን እምነት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለ፥ ልጁ ያድጋል፥ ነገሩም ይጠራል።

ደግሞም ይህን አስቡ። ዘመን አልፎ እናንተ ታርጃላችሁ፤ ዛሬ የምታባብሉት ልጅ ወደ ሐኪም ቤት ይወስዳችኋል። ሐኪሙ የሕመማችሁን ነገር ለእርሱ ነግሮት ከክፍሉ ሲወጣ፥ እናንተ ፊቱን አይታችሁ «ምን አለህ?» ትሉታላችሁ። በአገራችን ብዙ ልጆች በዚህች ሰዓት «ምንም የለብዎትም» ይላሉ፤ ሽማግሌው ግን ነገሩ ሌላ እንደ ሆነ እያወቀ፥ ብቻውን ከፍርሃቱ ጋር ያድራል። ልጁ ይህን ያደረገው በክፋት አይደለም። ለደካማ ሰው ፍቅር የሚገለጠው በማታለል ነው ብሎ ከእኛ ተምሮ ነው። እንግዲህ በዚያች ቀን እጃችንን ይዞ እውነቱን እንዲነግረን የምንወድ ከሆነ፥ ዛሬ፥ መርፌው ሳይወጋው፥ እጁን ይዘን እውነቱን እንንገረው።